ጋሼ ኪሾር የጠየቁን

መታመማቸውን መጀመሪያ ያወቅሁት ከምግቡ ነው። ጋሼ ኪሾር በርበሬ ወዳጅ ነበሩ። «ድሬዳዋ የተወለደ ሰው ሚጥሚጣ አይፈራም» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ምስር ወጡን ቀመሱና «ጥሩ፣ ዛሬ ቃሪያውን አበዛሽው» አሉኝ። አላበዛሁም። በማግስቱም እንደዚያው አሉኝ። በሳምንቱ ቃሪያውን ጨርሶ ተውኩት። እሳቸው ግን አሁንም ውሃ እየደጋገሙ ይጠጡ ነበር። እናታቸው ደግሞ «ይሄ ወጥ ነው ወይስ የሕመምተኛ ሾርባ?» ብለው ተቆጡኝ።

ከዚያ ሮትሊውን አየሁ። ሮትሊ በየቀኑ የምጋግርላቸው ስስ የስንዴ ቂጣ ነው። ድሮ አራት ቦታ ቆርሰው ይጨርሱት ነበር። አሁን እንደ ጥፍር እያሳነሱ ይቆርሱና በፊት ጥርሳቸው መካከል ገፋ ገፋ አድርገው ያስገቡታል። አፋቸው እንደ ልብ አይከፈትም። አየሁ፤ ዝም አልኩ። ሦስት ወር ያህል ዝም አልኩ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለዚያ ዝምታ ነው።

ጥሩነሽ እባላለሁ፤ ጋሼ «ጥሩ» ይሉኝ ነበር። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ የለገሃሬ። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በአንድ የሕንድ ቤተሰብ ቤት እየኖርኩ ስሠራ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ጉጅራቶች ናቸው። መሀል ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ መኖሪያቸው ከሱቁ በላይ ያለው ፎቅ ነው። የቤቱ አባወራ ጋሼ ኪሾር ነበሩ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ተወልደው አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ቤተሰቡ ሁሉን ትቶ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ። አማርኛቸው ግን የድሬ ልጅ አማርኛ ሆኖ ቀረ። ስቀጠር እንደ ፈረንሳዮቹ «ሙሴ» ብላቸው «አቦ ተይኝ፣ ጋሼ በይኝ» አሉኝ። ሚስታቸው ሂና ቤን ትባላለች፤ ቤን እህት ማለት ነው። አማርኛ አትችልም፤ ከእኔ ጋር የምንግባባው በፈረንሳይኛና በዐረብኛ ቅልቅል ነው። ልጃቸው ኒሌሽም እንደ እናቱ ነው፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ሱቁን ከአባቱ ጋር ይሠራ ነበር። እናታቸውን ሁላችንም ባ እንላቸዋለን፤ ባ እናት ማለት ነው። ሰማንያን ያለፉ ሴት ናቸው። ጆሯቸው ደክሟል፤ አማርኛቸው ግን አልጠፋም።

በዚያ ቤት ማንም ብቻውን አይበላም። ሱቁ ተዘግቶ ሁሉም እስኪሰበሰብ ምግብ አይቀርብም፤ ከቀረበም መጀመሪያ ለባ ነው። ኒሌሽ ለመንገድ ሲነሣ የአያቱንና የአባቱን እግር ዝቅ ብሎ ሳይነካ ከበር አይወጣም። «የእኔ ጉዳይ» የሚባል ነገር የለም። አንድ ሰው ሲታመም ሐኪም ክፍል የሚገባው ቤተሰቡ በሙሉ ነው። ጋሼ ኪሾርን መጀመሪያ የወሰድናቸው ቀን ሐኪሙ አምስታችንንም አየና «የታመመው የትኛችሁ ነው?» አለ። ጋሼ ሳቁ። ሲስቁ ነው አፋቸው ምን ያህል እንደጠበበ ሐኪሙ ያየው።

«ሦስት ጣትዎን ደርበው ጥርስዎ መካከል ያስገቡ» አላቸው።

አንዱ ገባ። ሁለተኛው ጥርሳቸው ላይ ቆመ።

ሱፓሪ የሚሉት ድንጋይ የመሰለ ፍሬ አለ። ይከተክቱትና ከትምባሆና ከኖራ ጋር መዳፋቸው ላይ አሽተው ጉንጫቸው ውስጥ ይይዙታል። ጋሼ ኪሾር በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ጀምረውታል። በጣም የሚቆጨኝ ደግሞ መኩራታቸው ነው፤ «በዚህ ከተማ ከቀትር በኋላ ጫት የማይቅም ነጋዴ እኔ ብቻ ነኝ» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ጫት አልነኩም። ሐኪሙ በመብራት እያየ እንዲህ አለ፦ «ይህ ሰብሚውከስ ፋይብሮሲስ ነው። የጉንጭ ሥጋ ቀስ በቀስ እንደ ገመድ ይጠነክራል። ያመጣው ሱፓሪው ነው። እዚህ ቀኝ ጉንጭ ላይ ያለው ነጭ ነገርና ቁስል ግን ባዮፕሲ፣ ቁራጭ ወስዶ መመርመር፣ ይፈልጋል።»

ከከተማው መውጫ፣ ፔካ 12 በሚባለው ቦታ መኪና አቁመው የሚያርፉ የአገሬ ሾፌሮችም ዛሬ ይህን ነገር በትናንሽ ከረጢት እየገዙ እንቅልፍ ማባረሪያ ሲያደርጉት አያለሁ። እባካችሁ አሁኑኑ ጣታችሁን ሞክሩ። ሦስቱ ካልገቡ ወደ ሐኪም ሂዱ። ምግብ ካቃጠላችሁ፣ ቁስል ሁለት ሳምንት አልፎት ካልዳነ፣ ሂዱ።

የባዮፕሲው ውጤት መጣ። ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ። የአፍ ካንሰር።

ያን ጊዜ እሳቸውም ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። በጆሯቸው ሰሙ። «ሱቁን ስንት ወር ልዝጋ?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ «ሱቁን ለልጅዎ ያስረክቡ» አላቸው።

ሂና ቤንና ኒሌሽ ሕንድ አገር ወሰዷቸው። እኔ ከባ ጋር ቀረሁ። ቀዶ ሕክምናው አሥር ሰዓት ፈጀ። የታችኛውን መንጋጋ ቀኝ ግማሽ አወጡት። የአንገታቸውን ንፍፊቶች አወጡ። ከደረታቸው ሥጋና ቆዳ ቆርጠው ጉንጫቸውን ደፈኑት። ከዚያ ስድስት ሳምንት ራዲዮቴራፒ ሰጧቸው። ባ በእነዚያ ወራት ተሳሉ። ልጃቸው ሮትሊ እስኪበላ ድረስ እሳቸውም ሮትሊ ላለመቅመስ። እነሱ እንዲህ ነው የሚሳሉት፣ የሚወዱትን ምግብ በመተው። እኔም ለቁልቢ ገብርኤል ተሳልኩ። ጠዋት ጠዋት ባ በጸሎት ቦታቸው መብራት ያበራሉ፣ እኔ ከኩሽና ሆኜ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ፤ ከዚያ ተቀምጠን ስልክ እንጠብቃለን።

ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አልፈውኝ ሊሄዱ ነበር፤ አላወቅኋቸውም። ግማሽ ፊታቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ንግግራቸው ተኮላትፏል፤ ሂና ቤን እንኳ ሦስቴ እያስደገመች ነበር የምትሰማቸው፣ እኔ ግን ከሁለት ቀን በኋላ እንደ ድሮው እሰማቸው ጀመር። የነገሩኝ የመጀመሪያ ነገር ቀልድ ነበር፤ ከደረታቸው የተወሰደው ቆዳ ጠጉር ነበረውና «ጥሩ፣ አሁን ፂሜ አፌ ውስጥ ነው የሚበቅለው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሰባት ወራት፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደግ ጊዜ ከተባለ፣ ደጉ ጊዜ እነሱ ነበሩ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው በገባው ቱቦ ወተትና የተፈጨ ምስር መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ቀስ እያደረግሁ እሰጣቸው ነበር፣ ቱቦው ከወጣ በኋላ ደግሞ ሩዝና ምስር አብሮ እስኪላቆጥ የሚበስለውን ኪችዲ በትንሽ ማንኪያ መዋጥ ለመዱ፤ ይህን ያየችው ሂና ቤን ለሁሉም ሰው ኪችዲ ብቻ እንዳበስል አዘዘችኝና እነዚያን ወራት ሙሉ ቤቱ፣ ኒሌሽም ባም እኔም፣ ጋሼ የሚበሉትን እየበላን፣ እሳቸው እስኪጨርሱ ማንኪያችንን እያዘገየን ከረምን። አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ኒሌሽ በመኪና ሄሮን ወደሚባለው ሰፈር ይወስዳቸውና ባሕሩ ዳር ተቀምጠው፣ በስካርፕ የተሸፈነውን ጉንጫቸውን ለነፋሱ ሰጥተው፣ አላፊ አግዳሚውን በሦስት ቋንቋ እያሙ ይመለሱ ነበር።

ክብደታቸው ግን አልመለስ አለ። ሐኪሙ «ፕሮቲን ያንሳቸዋል፤ እንቁላል ስጧቸው» አለ። በዚያ ቤት ሥጋ ቀርቶ እንቁላል ገብቶ አያውቅም። ማታ በእራት ሰዓት ኒሌሽ ለባ ጮክ ብሎ ነገራቸው። ባ ሳህናቸውን ገፉ።

«እዚህ ቤት እንቁላል ገብቶ አያውቅም» አሉ በአማርኛ፣ እኔን እያዩ። «ነገ ግዢ። በእኔ ድስት ቀቅዪለት።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለእኔ ብለሽ ድስትሽን አታረክሺም።»

«ድስቱ የእኔ ነው» አሉ ባ።

«አፉ የእኔ ነው» አሉ ጋሼ።

እንቁላል አልተገዛም። የወተት ዱቄትና የተፈጨ ኦቾሎኒ እየጨመርኩ ሞከርኩ። አሁን ሳስበው ሁሉም በዚያ ቤት እንዲህ ነበር የሚዋደደው፤ አንዱ ለሌላው ሲል ይተዋል፣ ሌላው ደግሞ ለእሱ ሲል ይተዋል፣ በመጨረሻ የሚበላው ሰው አይኖርም።

በስምንተኛው ወር ጋሼ «ጆሮዬን አመመኝ» አሉ።

ሲቲ ስካን ተነሡ። ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ሌላ ክፍል ተኝተው ሳሉ ሐኪሙ ሂና ቤንንና ኒሌሽን ጠራቸው። የመድኃኒቱን ደብተር የምይዘው እኔ ስለሆንኩ አብሬ ገባሁ።

«ተመልሷል» አለ። «የአንገቱን ትልቅ የደም ሥር ከቦታል። ቀዶ ሕክምና አይቻልም።»

«ስንት ጊዜ አለው?» አለ ኒሌሽ።

«ወራት። ኬሞቴራፒ ጥቂት ሊያዘገየው ይችላል፤ አያድነውም። ብዙ ያደክመዋልም። ከመጀመራችሁ በፊት እሱ ምን እንደሚፈልግ ጠይቁት። ከፈለጋችሁ እኔ ልንገረው።»

«አይሆንም» አለ ኒሌሽ።

ኮሪደር ላይ ወጣን። ኒሌሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ከዚያ ዞሮ «አባቴ ይህን ከሰማ በዚያው ሳምንት ይሞታል። ቁስሉ አመርቅዟል እንላለን። ኬሞውን ማጠናከሪያ ነው እንላለን። ባም እንዳትሰማ። አንቺም፣ ጥሩ ቤን» አለኝ።

እሺ አልኩ። ለእኔም እንግዳ ነገር አልነበረም። እኛስ መርዶ እንደዋዛ እንናገራለን እንዴ? ታሞ ለተኛ ሰውማ ጭራሽ።

ከሦስት ቀን በኋላ በረንዳ ላይ ፋሻቸውን እየቀየርኩላቸው ነበር። ሂና ቤንና ኒሌሽ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ይሰሙናል። ጋሼ በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ ስለ አየሩ የሚያወሩ መስለው ጠየቁኝ።

«ጥሩ፣ ተመልሷል አይደል?»

«ምኑ ጋሼ?»

«አቦ አታስመስዪ።»

ኒሌሽ አየኝ። ቃላቱ አልገባውም፤ ፊቴን ግን አይቷል።

«ቁስሉ ነው ያመረቀዘው» አልኩ። «በመድኃኒቱ ይጠፋል አሉ።»

«ገብርኤልን በይ።»

እጄ ፋሻው ላይ ቀረ።

«ገብርኤልን» አልኩ።

ጋሼ ዓይኔን ትንሽ አዩት። «እሺ» አሉ። ከዚያ በኋላ ደግመው አልጠየቁኝም።

በዚያው ሳምንት እራት ላይ ወሬ አነሡ። ሙቀቱ በረድ ሲል ከናጋድ ጣቢያ በባቡር ተሳፍረን ሁላችንም ድሬዳዋ እንሂድ አሉ። የተወለዱበትን ቤት በረንዳ ማየት ይፈልጋሉ፤ ባም ሙሽራ ሆነው የገቡበትን በር እንዲያዩት። ኒሌሽ «ስትድን ፓፓ፣ መጀመሪያ መድኃኒቱን ጨርስ» አላቸው። ሂና ቤንም «ስትድን» አለች። እኔም ተርጉሜ «ሲድኑ» አልኩ። መተርጎም አያስፈልጋቸውም ነበር። ያን ጊዜ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ደረጃውን ብቻቸውን ይወርዱ ነበር።

ኬሞቴራፒው ተጀመረ።

ጣት በማይገባበት አፍ ማስመለስ ምን እንደሆነ ልጽፈው አልችልም። በጎን አስተኛቸዋለሁ። በትንሽ ቱቦ እመጥላቸዋለሁ። ያንቃቸዋል። ይረጋጋሉ። እንደገና ይጀምራቸዋል። ሦስት ዙር ወሰዱ። ከሦስተኛው በኋላ ደረጃውን አልወረዱም። እጢው ቆዳውን ቀድዶ ወጣ። ሸተተ። እንግዳ መምጣት አቆመ። ባ ግን ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠጉ እንጂ አላራቁም።

ቤት እየመጣች የምትረዳን የአፋር ተወላጅ ነርስ ነበረች። ለሽታው ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን ኪኒን ፈጭቶ ቁስሉ ላይ መነስነስ አስተማረችኝ፤ ሽታው በሁለት ቀን ቀነሰ። አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርታ «ጠቆር ያሉ ቀይ ፎጣዎች ገዝተሽ አልጋው አጠገብ አድርጊ። ነጭ ፎጣ ላይ ደም ሲያይ ሰው ይደነግጣል» አለችኝ። ገዛሁ። ሂና ቤን ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ሞርፊን በጠብታ ተጀመረ። ኒሌሽ ሱስ ይሆንባቸዋል ብሎ መጠኑን ይቀንስ ነበር። ነርሷ ተቆጣችው። «ለየትኛው ዕድሜው ነው ሱስ የምትፈራለት?» አለችው። ከዚያ በኋላ በልኩ ሰጠናቸው። በልኩ ያልሰጠናቸውን ሁለት ሳምንት ማንም አይመልስልንም።

አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከአንገታቸው ደም ፈሰሰ። ሂና ቤን ጭንቅላታቸውን ያዘች። እኔ ፎጣውን ያዝኩ። ባ እግራቸውን ያዙ። ኒሌሽ ከሱቅ እየሮጠ ደረሰ። ረጅም አልነበረም።

ወንዶቹ አስከሬናቸውን ይዘው ሄዱ። በሥርዓታቸው ሴቶች አይከተሉም። ኩሽናው ውስጥ እሳት አልነደደም፤ ጎረቤቶች ምግብ አመጡ። ኒሌሽ ጠጉሩን ተላጭቶ ተመለሰ። ልክ እንደ እኛ ሰው ይገባል፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ይወጣል። በሥርዓታቸው ሐዘኑ የሚያበቃበት አሥራ ሦስተኛው ቀን አለፈ።

በማግስቱ እኔና ሂና ቤን መድኃኒቶቹን ከክፍላቸው እየሰበሰብን ነበር። ባ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ አልተነሡም ነበር። የሞርፊኑን ጠርሙስ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ነገርኳት። «በረንዳው ላይ ያን ቀን በአማርኛ ጠየቁኝ። ዋሸኋቸው። በገብርኤል ምዬ ዋሸኋቸው» አልኳት። ለንስሐ አባቴ እንኳ ገና አልተናገርኩም ነበር።

ሂና ቤን አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«እኔንም ጠይቆኛል» አለች። «ኪሾር ይሙት በይ ብሎ አስማለኝ። አልኩ። በአፌ ኪሾር ይሙት አልኩ።»

ኒሌሽ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እኔንም» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ባ ምን እንደምንል አልሰሙም፤ ፊታችንን አይተው «ምንድን ነው?» አሉ። ሂና ቤን ጎንበስ ብላ በጆሯቸው በጉጅራትኛ ነገረቻቸው። ባ አንዱን ዐረፍተ ነገር በጉጅራትኛ፣ አንዱን በአማርኛ እየቀላቀሉ ተናገሩ።

«እኔንም ጠይቆኛል። አዎ አልኩት።»

ቅዳሜ ቅዳሜ የልጃቸውን ጭንቅላት በዘይት ያሹላቸው ነበር፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያላቋረጡት ነገር ነው። እያሹ ሳለ ከልጃቸው ጆሮ ሥር የበቀለውን እጢ ጣታቸው አገኘው። እኛ ማንም አልነገርናቸውም።

«ባ፣ ምንድን ነው? አለኝ። የሚወስድህ ነው ልጄ አልኩት። ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ሲጨርስ፣ ለእነሱ ማወቄን አትንገሪያቸው፣ አያውቅም ብለው ነው የሚበረቱት አለኝ።»

«ታዲያ ኬሞውን ለምን ወሰደ?» አለ ኒሌሽ።

«ለአንተ።»

ኒሌሽ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ድሬዳዋስ?» አልኩ እኔ። ባይጠየቅ ይሻል ነበር።

«ልሂድ ብዬ ብጸና ልሰናበት መሆኑ ይገባቸዋል አለኝ። ተወው።»

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። እኛ ከእሳቸው ደበቅን፣ እሳቸው ከእኛ ደበቁ። አምስት ሰዎች አንድ ማዕድ ከበን አራት ወር ሙሉ ተዋሸን። ሁሉም በፍቅር ነው። ፍቅር መሆኑ የሚያጽናናኝ ጊዜ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እስካሁን አልመጣም። ንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኛል፣ ፈጽሜዋለሁ። እንቅልፌ አልተመለሰም።

ማመስገን የሚገባኝን ላመስግን። ያን ሐኪም አመሰግናለሁ፤ «ጠይቁት» ብሎን ነበር፣ አልሰማነውም እንጂ። ሥራዋ ካለቀ በኋላም እየተመለሰች እጄን የያዘችውን ነርስ አመሰግናለሁ። ሂና ቤንን አመሰግናለሁ፤ ያን ሁሉ ከሰማች በኋላ «ሂጂ» አላለችኝም፣ ዛሬም አብረን ነን። ባን አመሰግናለሁ። በዚያች ቅዳሜ ጋሼ ኪሾር ብቻቸውን አልነበሩም፤ እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ፈጽሞ ብቻቸውን ይሞቱ ነበር።

በሰው ቤት ሕመምተኛ የምታስታምሙ እህቶቼ፣ የራሳችሁን ሰው የምታስታምሙም፣ የምመክራችሁ ጥቂት ነው። ሞርፊን ከታዘዘ አትፍሩት፣ አትቀንሱት። ቁስል ሲሸት ሰውየው ራሱ ከሁሉ በፊት ይሸተዋልና ፊታችሁን አታጨማድዱ። ቤተሰቡ «እንዳትነግሪ» ቢላችሁ፣ የሰው ቤት ነው፣ ጉልበቱ የላችሁም፤ ግን «ቢጠይቁኝ አልምልም» በሉ፣ ያን ያህል ማለት ትችላላችሁ። እኔ አላልኩም።

ሕመምተኛው ሲጠይቃችሁ አብዛኛውን ጊዜ አውቆታል። የያዛችሁትን ፋሻ አስቀምጡና አጠገቡ ተቀመጡ። «አዎ» ማለት ካቃታችሁ ዝም በሉና እጁን ያዙ። ከዚያ የት መሄድ እንደሚፈልግ ጠይቁት። መራመድ ከቻለ፣ በዚያው ሳምንት ውሰዱት።